ገና ነው

ከልብስ ማጠቢያውና ከፒዛ ቤቱ መሐል
የእኛ ትንሽ ችሎት ተጣብቆ ይውላል።
ሦስት መደዳ ወንበር፣ ዓርማና ባንዲራ፤
ጥግ ላይ ባልዲ አለ፣ ያፈስሳል ጣራ።
ማጠቢያው ሲሽከረከር ግድግዳው ይርዳል፤
ሰው እጁን አንሥቶ ሲምል ሳሙና ይሸታል።

ማኅተም መቺዋ፣ መዝገብ አውጪዋ እኔ ነኝ፤
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከዚህ መስኮት ኋላ፣ ሰው "መቼ ነው?" ሲለኝ።

ታኅሣሥ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የፔንስልቬንያ ብርድ፤
አሮጌው የከሰል ቁልል ነጭ ለብሶ እንደ ሙሽራ ዘመድ።
ኮንስታብል ዜንከር ልጁን አስገባ፣ ሰንሰለቱ ቀድሞት፤
ብራይስ ዱልስኪ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣
የጫማው ማሰሪያ ሌሊቱን ጣቢያ ቀርቶበት።

ፖሊሱ አነበበ። ከተዘጋው የሸሚዝ ፋብሪካ
ዘጠና ፓውንድ የመዳብ ቧንቧ በመጋዝ ተቆርጦ
በሕፃን ጋሪ ሲገፋ ተያዘ።
(አያቱ እዚያው ፋብሪካ ኮሌታ ስትሰፋ አረጀች።
ይህ በክሱ የለም፤ የክስ ወረቀት ጠባብ ነው።)

ዳኛዋ ኤድና ቫለንቺክ የሕግ ዲግሪ የላትም፤
ዐሥራ ስድስት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድታለች፣ ይህን አትደብቅም።
የወር ኮርስ ወስዳ፣ ፈተናውን አልፋ፣
ካባውን ለበሰች፣ መሪውን አሳርፋ።
ይህን ልጅ ታውቀዋለች። ከድልድዩ ወዲያ፣ ሁለተኛው ማቆሚያ፤
ጓንት አልነበረውም፤ እጆቹን በየእጅጌው ከትቶ
እንደ ትንሽ መነኩሴ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።
እሷም አላነሣችው። እሱም ቀና አላለ።
"ክሱ ገብቶሃል?" አለች። "አዎ" አለ።
አዎው ከማጠቢያው ድምፅ በታች ነበር።

ዋስ ሲባል ሰው ነበር፣ ስም ያለው፣ ደጅ ያለው፣
"በኔ ይሁን" ብሎ ካንተ ጎን የሚቆመው።
እዚህ ዋስ ቁጥር ነው። አምስት ሺህ ብላ ጻፈች፤
"ዐሥር በመቶው ይበቃል" አለች።

አክስቱ ሎረታ ወደ መስኮቴ መጣች፣
ቦርሳዋን ዘቀዘቀች።
ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት፣ የዶሮ ቅናሽ ኩፖን፣ የከንፈር ቅባት።
ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ቁጥሩ ያዝን ይመስል።
መቶ ሰማንያ ስምንት ጎደለ።

"ጥፋተኛ ተባለ?"
"አልተባለም፤ ገና ነው።"
"ካልተባለ ታዲያ ለምን ይታሰራል?"
"ገና ነው" አልኳት፤ ሌላ ቃል አጣሁ።
ጠረጴዛዬ ላይ ያቆምኩትን የፕላስቲክ ጥድ፣
መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለውን፣ አየችው።
"አዎ" አለች፣ "ገና ነው።"

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤
እዚህ ግን ሥሩ ጋ ማን ይደርሳል?
የኛ ጥያቄ "ሠርቷል ወይ?" አይደለም፤
"ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ነገር አለ ወይ?" ነው፣ ሌላ የለም።
በረኞች ነን። ለዚህች ጥያቄ እንኳ ቀጠሮው ከገና በኋላ ነው፤
ይህ ሁሉ የሆነው እሷም ሳትጠየቅ ነው።

ዜንከር ልጁን ይዞ ወጣ። እስር ቤቱ አርባ ደቂቃ ነው፣ በረዶ ከሌለ።
ዳኛዋ ተነሥታ በካባዋ እንዳለች ባልዲውን ደፋች።
"ስንት ጎደላት?" አለችኝ።
ነገርኳት።
ማወቅ አልነበረባትም፤ እኔም መናገር አልነበረብኝ።
ባልዲውን መለሰችው፣ ጠብታው ትክክል እንዲያገኘው በእግሯ ገፋ አደረገችው፣
"የሚቀጥለው" አለች።

ሐሙስ ሎረታ መጣች፣ ሁለት መቶ ጨምራ፣
ጣቷ ላይ ቀለበት የነበረበት ቦታ ነጥቶ።
ዐሥራ ሁለት ዶላር መለስኩላት። ደረሰኝ። ማኅተም።
ኩፖኑን "ረስተሽው ነበር" ብዬ ሰጠኋት፤
ቀኑን አየችው።
አልፎበታል።